ለዕቃ የተያዘው ሂሳብ ለልጅ ኮሌጅ ለምን ጠፋ?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል የአገሬው ሰው። አባባሉ ለባላገሩ አባት ሳይሠራ አልቀረም። ልጁ በአምስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሞፈር ይይዛል፤ ለማደጉ የተለየ በጀት አያስፈልገውም። ሳሪስ ላይ ሱቅ ለከፈተ፣ መካኒሳ ላይ መጋዘን ለተከራየ ወይም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ለሚያከራይ ከተሜ ግን ይኸው አባባል እጅግ ውድ እየሆነበት መጥቷል።

የሚያስገርመው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነጋዴ ስሌት የማያውቅ አለመሆኑ ነው። የሕንፃ መሣሪያ የሚነግደው ክረምት ሲገባ የፌሮና የሲሚንቶ ፍላጎት እንደሚቀዘቅዝ፣ ከመስቀል በኋላ እንደሚያንሰራራ አስቀድሞ ያውቃል። ኃይሌ ጋርመንት አትክልት የሚያራግፈው ከአንድ መኪና ቲማቲም ስንቱ ሳጥን ተበላሽቶ እንደሚጣል ገና ዕቃው ሳይጫን ገምቶ ዋጋ ይቆርጣል። እንዲህ የሚያሰላው ሰው «ልጅህን ለአራት ዓመት ኮሌጅ ለማስተማር ስንት ያስፈልግሃል?» ቢባል መልሱ «እግዜር ያውቃል» ነው። ልጁ ግን የዕቃ ያህል እንኳ ድንገተኛ አይደለም። አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመት ከታወቀ የኮሌጅ ደጃፍ የሚረግጥበት መስከረምም ከ12 ዓመት በፊት የታወቀ ነው።

ለመሆኑ ይህ ቸልተኝነት ከየት መጣ? ወላጅ ለልጁ ስለማያስብ አይደለም። ለረጅም ዘመን ሂሳቡን መንግሥት ይዞለት ስለኖረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ አንስቶ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማትሪክ አልፎ በቀኑ መርሐ ግብር የተመደበ ልጅ ለትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅም ነበር። የዛሬዎቹ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ከዚያ ዘመን የወጡ ናቸው። «ካለፈ መንግሥት ያስተምረዋል፣ ካላለፈ ከእኔ ጋር ሱቅ ይቀመጣል» የሚለው አሳብ ከዚያ የተወረሰ ነው። ዛሬ ግን ሁለቱም በሮች እንደ ቀድሞው አይደሉም።

የመጀመሪያው በር ምን ያህል እንደጠበበ የታወቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ሲጀምር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አዲስ አበባ ከአገር አቀፉ አማካይ የተሻለ ውጤት ብታገኝም፣ በከተማዋ ያለ ወላጅም ቢሆን «የእኔ ልጅ ከአላፊዎቹ ነው» ብሎ ዋስ ሊጠራ አይችልም። ፈተናው ጠበቀ ወይስ ትምህርቱ ወደቀ የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ ይቀጥል። ለቤተሰብ ኪስ ዋናው ቁም ነገር፣ ማለፊያውን ካጡት ከፊሎቹ የአንድ ዓመት የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሪሚዲያል» የሚባለውን፣ ተምረው እንደገና መፈተን ያለባቸው መሆኑ ነው። በግል ተቋም ሲሆን ክፍያው የወላጅ ነው። «የግል ኮሌጅ እንደሆነ ማንንም ይቀበላል» የሚለው የድሮ መጽናኛም አብሮ ቀርቷል፤ ለዲግሪ የግሉም ቢሆን ያለፈ ወይም የማካካሻውን ፈተና ያለፈ ተማሪ ነው የሚጠበቅበት። ስለዚህ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቢያንስ አራት ዓመት የሆነው የመጀመሪያ ዲግሪ ለብዙው ቤተሰብ በተግባር አምስት ዓመት ሆኗል ማለት ነው። ምህንድስና ወይም ሕክምና ሲሆን ከዚያም ያልፋል።

መንግሥት የመደበለትስ? እሱም ነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባለው ሥርዓት አለ። በደንብ ቁጥር 154/2000 እንደተደነገገው ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል። በየዓመቱ ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ያስገባለታል። አብዛኛው ወላጅ ይህን ውል እንደ ተራ ፎርም ያየዋል። ነጋዴ ግን የተፈረመ ወረቀት ዕዳ መሆኑን ሊያጣው አይገባም። ዕዳው ደግሞ እያደገ ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለዓመታት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ተማሪው በዓመት 300 ቀን ግቢ ይመገባል ቢባል የምግቡ ሂሳብ ብቻ ከ6,600 ብር ወደ 30,000 ብር ተሻገረ ማለት ነው። በአራት ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ልጁ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ሲፈልግ «መጀመሪያ የወጪ መጋራትህን ክፈል» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ቪዛ ቀጠሮ ተይዞ፣ ዲግሪ ታግቶ፣ አባት ከጓደኛ ገንዘብ ሲያሯሩጥ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወላጅ ይህን ሁሉ ተገንዝቦ «እንግዲያውስ ልቆጥብ» ቢል ቀጥሎ የሚጠብቀው ጥያቄ የት ነው የሚለው ነው። ብዙው ሰው ለልጁ የባንክ ደብተር ሲያወጣ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻም ከብዙ መውረድ በኋላ ገና 14 በመቶ ግድም ነበር። ለአብነት ያህል፣ ዛሬ 100,000 ብር የሚያስከፍል ትምህርት ዋጋው በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር ከ10 ዓመት በኋላ 405,000 ብር ግድም ይደርሳል። ዛሬ በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ 100,000 ብር ግን በዚያው ጊዜ 197,000 ብር ገደማ ነው የሚሆነው። ግማሽ እንኳ አልሞላም። አባት ቆጥቦ፣ ታግሶ፣ ደብተሩን ሳይነካ አሥር ዓመት ጠብቆ፣ በመጨረሻው የሁለት ዓመት ክፍያ ብቻ ይዞ ይገኛል።

ይህ ማለት ደብተሩ ይዘጋ ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን በቀረበ ቁጥር ባንክ መቀመጡ ትክክል ነው። ስህተቱ ገና አንደኛ ክፍል ላለች ልጅ የተያዘን ገንዘብ ለዘንድሮ ክፍያ በተያዘው ገንዘብ ዓይነት ማስቀመጥ ነው። የተወሰነ ገንዘብ ያጠራቀመ ወላጅ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ በድርድር እንደሚወሰን አውቆ ከአንድ ባንክ ሌላ ባንክ ጎራ ማለት ይችላል። ነጋዴ ለሸቀጥ አምስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ሲያበቃ ለገንዘቡ ዋጋ ግን የመጀመሪያውን መስኮት ብቻ ማመኑ ግራ ያጋባል።

«እኔ ባንክ አላስቀምጥም፣ ዕቃ ውስጥ ነው የማስቀምጠው» የሚል ነጋዴ ይኖራል። እውነት አለው፤ ዕቃ ከብር ይልቅ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ችግሩ ዕቃው የልጁ ይሁን የሱቁ የሚለይበት መስመር አለመኖሩ ላይ ነው። የትምህርት ገንዘብ ከሱቅ ካዝና ጋር ከተደባለቀ ሁልጊዜ የሚሸነፈው የትምህርቱ ነው። አቅራቢ ስልክ ይደውላል፤ ኮንቴይነር ሞጆ ደርሷል ይባላል፤ ዕድሉ ያመልጣል ተብሎ የልጁ ገንዘብ «ለአንድ ወር» ይወሰዳል። ዱቤ የወሰደው ደንበኛ ግን በወሩ አይከፍልም። ወቅቱም አይመችም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግብር የሚከፈልበት፣ በመሐሉ እንቁጣጣሽና መስቀል የሚውሉበት፣ የታናናሾቹ መመዝገቢያና ደብተር የሚጠየቅበት ጊዜ ነው። የኮሌጁም ክፍያ እዚያው ላይ ይወድቃል። ብዙ ልጆች ከትምህርት ያቋረጡት አባታቸው ደኻ ስለነበረ አይደለም፤ በመስከረም ወር ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረው እንጂ።

እዚህ ላይ ዕቁብን ማንሳት የግድ ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነጋዴ በዕቁብ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ ከዋጋ ንረትም አያስጥልም፤ ዘግይቶ የደረሰው ሰው የጣለው ገንዘብ ረክሶ ነው የሚመለስለት። ነገር ግን ባንክ የማያውቀው አንድ ኃይል አለው፤ ያስገድዳል። ለባንክ ደብተሩ ለሦስት ወር ምንም ያላስገባ ሰው ማንም አይጠይቀውም። ለዕቁብ አንድ እሑድ የቀረ ግን ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ዋሱም ይደውሉለታል። ይህ ኃይል ለልጅ ትምህርት መዋል ሲችል አብዛኛው ዕቁብ የሚውለው ለዕቃ ነው፤ ዕጣው በደረሰ ማግስት ገንዘቡ መርካቶ ይገኛል።

መፍትሔው ከራሱ ከዕቁቡ ይወጣል። በትልቁ የንግድ ዕቁብ ላይ ሁሉን ከመጣል ጎን ለጎን አነስ ያለ ሁለተኛ ዕቁብ መግባት፣ ስሙንም በባለቤት ወይም በእናት ማስያዝ፣ ዕጣውን ደግሞ ከዳኛው ጋር ተነጋግሮ ወይም ከባለ ዕጣ ተለዋውጦ ነሐሴ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ተመሳሳይ ክፍል ልጆች ያሏቸው ስምንት ወይም አሥር ወላጆች አንድ ላይ ቢገቡ ግን ሁሉም በነሐሴ ይፈልጉታልና አይሠራም፤ ልጆቻቸው በተለያየ ዓመት ኮሌጅ የሚገቡ ወላጆች ሲሆኑ ነው ዓመት እየጠበቀ ለየባለቤቱ የሚደርሰው። በሚስት ስም ይያዝ መባሉ ቅር የሚያሰኘው ባል አይጠፋም። ዳሩ ግን በብዙው ቤት የልጁን የትምህርት ቤት ደረሰኝ የምታስቀምጠው፣ የወላጅ ስብሰባ የምትሄደው፣ የመጨረሻውን ጥሪት ከመቀነቷ ፈትታ የምትሰጠው እሷ ናት። ካዝናውም ከሷ እጅ ቢሆን አቅራቢው ደውሎ አያገኘውም።

ዕድርንም እግረ መንገድ ማየት ይገባል። አባወራው ቢሞት ድንኳን ይተከላል፣ ለቀስተኛ ይሸኛል፣ የተወሰነ ገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጣል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ ልጅ የቀሯት ሁለት ዓመታት ግን በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የሉም። ለመኪናው የሙሉ መድን የሚገባ፣ ለመጋዘኑ የእሳት ዋስትና የሚከፍል ነጋዴ፣ ያን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውን የራሱን ሕይወት ለልጆቹ መማሪያ ያህል እንኳ ዋስትና አይገባለትም። «ሟርት ነው» ይላል። መኪናውስ ሲሆን?

ጥሪቱን በቤት ያደረገ ወላጅ ከሌላው ይሻላል። የጀሞ ወይም የለቡ ኪራይ የአንድ ልጅን ክፍያ ሲሸፍን ይታያል። ቢሆንም የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው እንዳያልፍ አድርጓል። ለተከራይ እፎይታ ነው። አከራይ የሆነ ወላጅ ግን «ኮሌጁ ሲጨምር እኔም በተከራዩ ላይ እጨምራለሁ» የሚለውን ስሌት መተው ይኖርበታል።

የባንክ አክሲዮን ያላቸውስ? እዚህ ላይ የብዙ ባለሀብት ስሌት የሚሳተው በቀን መቁጠሪያው ነው። ባንኮች ሂሳባቸውን በሰኔ ዘግተው ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የትርፍ ድርሻው የሚመጣው የኮሌጅ ምዝገባ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. መጨረሻ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ የሚያዘው መመሪያ በ2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻቸውን በጥሬው ከመቀበል ይልቅ ካፒታል ማሳደጊያ እንዲያደርጉት ሲጠየቁ ቆይተዋል። ለሀብት ጥሩ ነው፤ ለመስከረም ክፍያ አይደርስም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈቱ ወደፊት አክሲዮን ሸጦ ክፍያ መክፈልን ያቀልላል የሚል ተስፋ አለ። ገበያው ገና ለጋ በመሆኑ ግን ልጁ 11ኛ ክፍል የደረሰ ወላጅ በዚህ ተስፋ ላይ ባይተማመን ይበጀዋል። ልጁ ገና መዋዕለ ሕፃናት ያለ ወላጅ ነው ጊዜ ያለው።

ወደ ውጭ መላክን ያሰበ ቤተሰብ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን አይረሳም። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ከ140 ብር በላይ ሆኗል። ለዓመት 4,000 ዶላር የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ለመረጠ አባት 228,000 ብር የነበረው ሂሳብ 560,000 ብር ሆነበት። ልጁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያደረሰ አባት ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። አሜሪካ ያለች አክስት ትደርሳለች የሚለው ቤተሰብም ይህን ከእሷ ጋር ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ቢነጋገር፣ የአውሮፕላን ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ከመደወል ያከብራታል።

ገንዘቡ ተገኘ እንበል። ምን ሊገዛበት ነው? በዚህ ረገድ ነጋዴው ያስገርማል። ሱቁ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ አገላብጦ፣ ማኅተሙን አይቶ የሚረከብ ሰው፣ ልጁን የሚያስመዘግበው ኮሌጅ ግን ከታክሲ ሲወርድ ያየው ሕንፃ ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሲሰጥ በአጠቃላይ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ከፋዮች 83ቱ በመጀመሪያው ሙከራ ዲግሪውን አልተረከቡም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት በአንድ ኮንቴይነር ዕቃ ላይ ቢገኝ የኮተቤው ከሳሪሱ ሳይጣራ፣ አስመጪ ሁሉ ስሙን ያውቀው ነበር።

ሁሉም የግል ኮሌጅ አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ። ወላጅ ግን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር የመጠየቅ መብት አለው። ተቋሙ ባለፉት ዓመታት በዚሁ የትምህርት ዘርፍ ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ፈቃዱስ ለዚህ ዘርፍና ለዚህ ካምፓስ የተሰጠ ነው? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስና በዘርፍ ነው። መገናኛ ያለው ካምፓስ ፈቃድ አለው ማለት ጀሞ ያለውም አለው ማለት አይደለም። ይህን የማይመልስ ሬጅስትራር ያለበት ኮሌጅ ከሆነ ወረፋውን ለቆ መውጣት ነው።

ዲግሪ ብቻ ነው ትምህርት የሚለውም አሳብ ገንዘብ እያስወጣ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ኤሌክትሪክ የሚጠግንለትን ወጣት አጥቶ ሁለት ቀን ወፍጮው የቆመበት ባለሀብት ልጁ ሙያ ልማር ቢለው «ሰው ምን ይለኛል» ይላል።

በአሜሪካ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ «529» የሚባል ሕግ አለ። ወላጅ ለልጁ ኮሌጅ ለይቶ ያስቀመጠው ገንዘብ ለትምህርት እስከዋለ ድረስ የሚያፈራው ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነጻ ነው። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ያውቁታል። እዚህ አገር ደግሞ ለቤትና ለመኪና «ቆጥበህ ተበደር» የሚሉ ባንኮች አሉ። ለኮሌጅ ብድር የሚጠይቅ ወላጅ መያዣ አምጣ ይባላል። ከአስመጪ ጋር ሠላሳ ዓመት የሠራ ባንክ የአስመጪውን ልጅ የአራት ዓመት የትምህርት ውል፣ ከዋጋ ንረት ጋር የሚሄድ ወለድ አስቦ፣ ነሐሴ ላይ ለኮሌጁ በቀጥታ የሚከፍል አገልግሎት አድርጎ ቢያቀርብ ተቀማጭ ያጣ ይሆን? በየቅርንጫፉ ደጅ የሚሰለፈው ሰው አብዛኛው ወላጅ ነው። ግብር ሰብሳቢውም ለትምህርት በተለየ ቁጠባ ላይ ግብሩን ቢተው የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ያልተማረው ልጅ ግን ነገ ግብር አይከፍልም።

ባንኩም ሕጉም እስኪመጣ ድረስ ግን ወላጁ በእጁ ባለው ነገር ይጀምራል። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ ኮሌጅ ለመግባት የቀሯት አምስት ክረምቶች ናቸው። አምስት ክረምት ለሳሪስ ነጋዴ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ የረዘመ ዱቤም ሲጠብቅ ይታያል።